ከ«ነገር ግን» በኋላ የተባለው

አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ በአንድ ቆላ አገር ይኖር ነበር። ስሙ መምህር ገሠሠ ይባላል። በዚያ አገር እንግሊዝኛ የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለነበረ፣ ከማስተማሩ ሌላ የፈረንጅ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነበው፣ በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን የሚፈታው፣ የውጭ እንግዳ ሲመጣም ከጎን ቆሞ የሚተረጉመው እሱ ነበር። ሰው ያከብረዋል። እሱም መከበሩን ይወዳል። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ነውና።

መምህር ገሠሠ ከሚያስተምረው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ሁለት የሚቃረኑ ሐሳቦችን ስለሚያያይዙ ቃላት የሚሰጠውን ትምህርት ነበር። «በት»፣ «ሃውኤቨር»፣ «ኦልዞው» እያለ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ይጽፍና ተማሪዎቹን በአንድ ድምፅ ያስጮኻቸዋል። በየዓመቱ የሚሰጠው ምሳሌ ያው አንድ ነው። «ይህ መድኃኒት ፍቱን ነው፤ ነገር ግን ለሕፃን አይሰጥም» ብሎ ይጽፍና ከ«ነገር ግን» ጀምሮ ያለውን በእጁ ይሸፍነዋል። «አሁን አንብቡት» ይላል። ልጆቹ «ይህ መድኃኒት ፍቱን ነው» ብለው ያነባሉ። «ውሸት አለበት?» ሲላቸው «የለበትም!» ይላሉ። «ስንት ሕፃን ይገድላል?» ሲላቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጎበዝ አስተማሪ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም።

በዚህ ዓለም ላይ ያለችው ዘመድ አንዲት ታላቅ እህቱ ናት፤ እታለማሁ ትባላለች። እናትና አባታቸው በወረርሽኝ በአንድ ወር ውስጥ ሲሞቱ እሱ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበር። እንጨት ተሸክማ፣ የሰው እህል ፈጭታ ያሳደገችውና ትምህርት ቤት ያስገባችው እሷ ናት። ራሷ ፊደል አልቆጠረችም። ወንድሟ ከፈረንጅ ጋር ሲነጋገር ባየች ቁጥር ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ያ ሁሉ እንግሊዝኛ ከእሷ ጀርባ የወጣ መሆኑን ታውቃለች።

የአገሩ ችግር ውሃ ነበር። ዝናቡ ሁለት ወር አገሩን አጥለቅልቆ ይሄዳል፤ የቀረው አሥር ወር አቧራ ነው። የአገሩ ገዥ ግራዝማች ውብነህ ሕዝቡን አስተባብረው በሁለት ተራሮች መካከል ግድብ አሠሩ። ወንዱም ሴቱም ሦስት ዓመት ሙሉ አፈር ተሸክሞ፣ ድንጋይ ፈልጦ፣ አፈሩን በከብት እያስረገጠ ነው ያቆመው። ሲያልቅ ግራዝማቹ ወደ ላይ አመለከቱና ሥራውን የሚመረምር አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ተላከላቸው። መሐንዲሱ ሁለት ቀን ሙሉ ግድቡን እየዞረ ለካ፣ ቆፈረ፣ አፈሩን በጣቱ እያሸ አየ። በሦስተኛው ቀን ያገኘውን ለሕዝቡ እንዲናገር አራት መቶ ሰው ከግድቡ አጠገብ ባለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ።

እዚህ ላይ ስለ እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ ልንገራችሁ። ደግ ወሬ የያዘ ሰው «የምሥራች!» ብሎ ይጮኻል። ሰሚው «ምሥር ብላ!» ይለዋል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ አብሳሪውም ይሸለማል። ይህስ በሌላም አገር ያለ ነው። የእነሱ የሚለየው፣ «ምሥር ብላ» ከተባለ በኋላ በዚያ ቀን ክፉ ነገር መናገር ነውር መሆኑ ነው። ቤት ቢቃጠል እንኳ ወሬው ማግስቱን ይጠብቃል። ይህን ልማድ የጣሰ ሰው ሟርተኛ ይባላል፤ ሟርተኛ ከተባለ ወዲያ ሠርግ የሚጠራው የለም።

መሐንዲሱ ቆቡን አውልቆ ጀመረ። «ብዙ አገር ዞሬአለሁ» አለ። «በሰው እጅ ብቻ የተሠራ እንዲህ ያለ ግድብ አላየሁም። አፈሩ ጥሩ ነው። አሠራሩም ጥሩ ነው። ይህ ሕዝብ በሥራው ሊኮራ ይገባዋል።» ይህን ብሎ አስተርጓሚው እንዲደርስበት ዝም አለ።

መምህር ገሠሠ ቋንቋውን ያውቃል። ፈረንጅ በዚህ ዓይነት አንደበት አመስግኖ ትንፋሽ ሲወስድ ከኋላው የሚመጣ ሌላ ነገር እንዳለ ያውቃል። መጠበቅ ነበረበት። ግን አራት መቶ ሰው ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሦስት ዓመት አፈር የተሸከሙ እጆች ጉልበት ላይ ተቀምጠው የእሱን ቃል ይጠብቃሉ። እህቱ ከፊት ተቀምጣለች። ልቡ በደስታ ዘለለ፤ ራሱን መግዛት አቃተውና «የምሥራች!» ብሎ ጮኸ።

«ምሥር ብላ!» አለ ሕዝቡ።

መሐንዲሱ ያለውን ተረጎመላቸው። እልልታው ቀለጠ። ሽማግሌዎች ተነሥተው እየተቃቀፉ አለቀሱ። ሰዎች ከበሮ ለማምጣት ሮጡ። በዚያ ሁካታ መካከል መሐንዲሱ ወደ መምህር ገሠሠ ጆሮ ጠጋ ብሎ ንግግሩን ቀጠለ።

«ነገር ግን» አለው፣ «የትርፍ ውሃ መውጫው ገና ባዶ አፈር ነው። በድንጋይ እስኪለበጥ ድረስ፣ በዚህ ክረምት ግድቡ መሙላት የለበትም። በውስጥ በኩል ድንጋዩ ላይ በቀይ ቀለም መስመር አስምሬአለሁ። ውሃው መስመሩ ላይ ሲደርስ የታችኛው በር ይከፈት። ካልተከፈተ ውሃው በአናቱ ፈስሶ ግድቡን ይበላዋል። እስከዚያው ከግድቡ በታች ሰው አይሥፈር።»

መምህር ገሠሠ አንድም ቃል አላመለጠውም። ወደ ሕዝቡ ዞር ሲል ግራዝማች ውብነህ ካባ ይዘው ቆመዋል። በትከሻው ላይ ጣል አደረጉለትና ግንባሩን ሳሙት። እህቱ አፏን ሸፍና ትስቃለች። «ነገ እነግራቸዋለሁ» አለ በልቡ። «ዛሬ ነውር ነው።»

መሐንዲሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከመሄዱ በፊት ጠየቀው። «የመጨረሻውንም ነገርካቸው?»

«ነግሬአቸዋለሁ» አለ መምህር ገሠሠ።

በማግስቱ ሊናገር ወደ ግራዝማቹ ቤት ሄደ፤ እውነቱን ለመናገር በጠዋት ነው የሄደው። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ግራዝማቹ ከግድቡ በታች ያለውን ለም ሜዳ ለአርባ ቤተ ሰብ እያከፋፈሉ ነበር። መሬት የደረሰው ጫማቸውን ይስማል፤ ያልደረሰው ተራውን ይጠብቃል።

«ና ግባ፣ አብሳሪያችን!» አሉ ግራዝማቹ። «ለመሆኑ ያ ፈረንጅ ግድቤ ላይ በቀይ ቀለም የሞነጨረው ምንድን ነው?»

ይህ ጥያቄ ከሰማይ የወረደለት ዕድል ነበር። ግራዝማቹ ራሳቸው በሩን ከፍተውለት «ና ተናገር» እንዳሉት ያህል ነው። ሰዎቹ ዞረው አዩት። ትናንት «ምሥር ብላ» ያሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

«መርምሬዋለሁ ለማለት ያደረገው ምልክት ነው፣ ጌታዬ» አለ።

«ማኅተሙ ነዋ!» አሉ ግራዝማቹ፤ አዳራሹም በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ቀዩን መስመር እየሄደ በእጁ ይዳስሰው ነበር።

ከወር በኋላ የመሐንዲሱ ጽሑፍ በፖስታ መጣ። ሁሉም ነገር ተዘርዝሮ ተጽፎበታል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ግራዝማቹ ሳይከፍቱ ለመምህር ገሠሠ ላኩለት። አንብቦ ከሳጥኑ ታች፣ ከካባው ሥር አስቀመጠው። ግራዝማቹ «ምን ይላል?» ብለው ሲያስጠይቁት «ምስጋናውን ነው የደገመው» ብሎ መለሰ። እርግጥ ጽሑፉ በምስጋና ይጀምራል። ያን ሳምንት ለተማሪዎቹ የሚቃረኑ ሐሳቦችን የሚያያይዙ ቃላትን የሚያስተምርበት ተራ ነበር። ገጹን ዘለለና ወደ ሌላ ምዕራፍ አለፈ። ልጆቹም ምንም አላሉም፤ ልጅ ትምህርት ሲዘለልለት መቼ ይከፋዋል!

ሜዳው ከደረሳቸው አርባ ቤተ ሰቦች አንዱ የእታለማሁና የባሏ የጥጋቡ ነበር። ጎጇቸውን አፍርሰው ወደ ታች ሊወርዱ ሲሰናዱ እታለማሁ ወደ ወንድሟ መጣች።

«ጥጋቡ ሽንኩርት እንዘራለን ይላል» አለችው። «እኔ ግን ያን የሚያህል ውሃ ከራሴ በላይ ተሰቅሎ መተኛት ትንሽ ፈርቻለሁ፤ አትሳቅብኝ። ፈረንጁን በጆሮህ የሰማኸው አንተ ነህ። ልግባ?»

መምህር ገሠሠ በልቡ አሰላ። ለእሷ ቢነግራት ለባሏ ትነግራለች። ባሏ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለግራዝማቹ ይነግራል። «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ይሉታል። ካባው ከትከሻው ሲወርድ፣ የሰው ዓይን ከአክብሮት ወደ ንቀት ሲለወጥ ታየው።

«ግድቡ ጠንካራ ነው፣ እትዬ» አላት።

እሷ ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። «የምትጨምረው ያለህ ትመስላለህ» አለችው።

«የለኝም።»

«እንግዲያውስ አንተ ካልክ» ብላ ጉንጩን ሳመችውና ዕቃዋን ልትሸክፍ ሄደች።

ክረምቱ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ዝናቡ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ቀድሞ ገባና ሳያቋርጥ ዘነበ። ሕዝቡ ፈነደቀ። መምህር ገሠሠ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ወደ ግድቡ እየሄደ ውሃውን ያያል። በሦስተኛው ሳምንት ቀዩን መስመር ነካ። በአራተኛው ሳምንት መስመሩ ተሸፈነ። እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ለግራዝማቹ ሊናገር ቆረጠ። ተናገረም። ግን አነጋገሩን ስሙት፦

«ጌታዬ፣ ግድቡ የሚያኮራ ሆኗል። ዝናቡም የእግዜር ስጦታ ነው። ሕዝቡም ተደስቷል። ምናልባት፣ ፈቃድዎ ከሆነ፣ በሩን ትንሽ ከፈት ብናደርገው ለበሩም ሙከራ ይሆነው ነበር።»

ግራዝማቹ ፈገግ አሉ። «መምህር፣ በሚመጣው ሳምንት ምረቃ ነው። ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ጢም ብሎ የሞላ ግድብ ላሳያቸው ነው የፈለግሁት። ከምረቃው በኋላ ሙከራህን ታደርጋለህ።»

«እሺ ጌታዬ» አለና ወጣ። ይባስ ብሎ ቀለል አለው። ተናግሬአለሁ፣ እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው ብሎ ራሱን አጽናና። የሰው ልጅ ራሱን ሲያታልል ከማንም የበለጠ ብልህ ነው። በዚያች ንግግሩ ውስጥ «ሰው ይሞታል» የሚል ቃል አልነበረበትም።

ከምረቃው አራት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ መምህር ገሠሠ ክፍል ውስጥ ነበር። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ድምፅ መጣ፤ ነጎድጓድ ይመስላል፣ ግን አላቋረጠም። ልጆቹ ወደ መስኮት ሮጡ። ትምህርት ቤቱ ጉብታ ላይ ስለሆነ ሜዳው ከዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎጆዎቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ቡናማ ውሃ ዛፍ ተሸክሞ ይሮጣል። ከልጆቹ ብዙዎቹ ቤታቸው እዚያ ነበር። አንዲት ልጅ «እማዬ ሽንኩርት እየኮተኮተች ነበር» አለች፤ ደጋግማ ይህንኑ አለች።

ሠላሳ አንድ ሰው ሞተ። የእታለማሁ ባል ጥጋቡ ገበያ ሄዶ ስለነበረ ተረፈ። እታለማሁን በሦስተኛው ቀን ከብዙ ርቀት በታች፣ ግራር ሥር ተይዛ አገኟት። ወንድሟ ነው ያወጣት። ነጠላዋ አፏ ላይ ተጠምጥሞ ነበር።

በሰባተኛው ቀን መሐንዲሱ አደጋውን ሰምቶ መጣ። ሕዝቡ ለቅሶ ላይ ነበር። ግራዝማች ውብነህ ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መሐንዲሱ ቆቡን አውልቆ በሐዘንተኛው መካከል ቆመ፤ ዓይኑ ቀልቷል። መምህር ገሠሠም ተጠርቶ ከጎኑ ቆመ፤ ሌላ አስተርጓሚ ከየት ይመጣል!

«በጣም አዝኛለሁ» አለ መሐንዲሱ። «ሥራችሁንም፣ ድካማችሁንም በዓይኔ አይቻለሁ።»

መምህር ገሠሠ ተረጎመ። ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሐዘኑን ተቀበለ።

ከዚያ መሐንዲሱ እጁን ዘረጋና ቀጠለ። ሲጨርስ መምህር ገሠሠ አልተነፈሰም። ሕዝቡ ጠበቀ። በዚህ ቀን እልል የሚል የለም፤ ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። አንድ ሽማግሌ «ምን አለ? ጨርስልን እንጂ» አሉት።

ቀደም ሲል እንዳደረገው የፈለገውን ማለት ይችል ነበር። ማን ያውቅበታል? የሰማው እሱ ብቻ ነው። እናንተም «አሁንስ ይዋሻል» ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ግን የሚፈራው ነገር ሁሉ ደርሶ አልቋል። የሚያስደስታት እህት የለችውም።

«እንዲህ ይላል» አለ። «‹ነገር ግን ግድቡን በዚህ ክረምት እንዳትሞሉት፣ ከበታቹም ሰው እንዳይሠፍር ነግሬአችሁ ነበር። ለምን አልሰማችሁኝም?› ይላል።»

ግራዝማቹ ብድግ አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከሐዘንተኞቹ መካከል ጥጋቡ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ለማን ነው የነገረው?» አለ።

«ለእኔ።»

«መቼ?»

«ያን ዕለት፣ እዚያው ዋርካው ሥር። በጽሑፍም ልኮታል።»

«አንተ ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

መምህር ገሠሠ ስንት ቀን ሙሉ ለራሱ ያዘጋጀው ብዙ ምክንያት ነበረው። ነውሩን፣ ልማዱን፣ ምረቃውን ሊያነሣ ይችል ነበር። ከአፉ የወጣው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ደስ ብሏችሁ ነበር» አለ።

ጥጋቡ ወደ እሱ ተጠጋ። ሰው ሁሉ ይመታዋል ብሎ ጠበቀ። አልመታውም።

«እኛ ደስ እንድታሰኘን አላቆምንህም» አለው በለሆሳስ። «ፈረንጁ የሚለውን እንድትነግረን ነበር። እሷም የመጣችው ልትጠይቅህ ነበር፤ ጠይቃህ ነው የሄደችው።» ይህን ብሎ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

መምህር ገሠሠን ማንም አልነካውም፤ ማንም ከአገር አላባረረውም። ዛሬም ያስተምራል ይባላል። በየጠዋቱ ክፍል ሲገባ እናት አባታቸው በውሃ የተወሰዱ አሥራ ሰባት ልጆች ተነሥተው በአክብሮት «እንደምን አደሩ» ይሉታል።

ወዳጆቼ፣ ይህን ታሪክ የምናገረው በገሠሠ ላይ ድንጋይ እንድትወረውሩ አይደለም። ዋርካው ሥር ለሕዝቡ የተረጎመው ሁሉ እውነት ነበር። ግድቡ ጥሩ ነበር፤ አፈሩ ጥሩ ነበር፤ ሕዝቡ ሊኮራ ይገባው ነበር። ሠላሳ አንድ ሰው የገደለው የእውነት ግማሽ ነው። የሰው ቃል የተቀበለ ሰው መራራውንም ጣፋጩንም እንደተቀበለው ማድረስ አለበት፤ የሰሚን ፊት አይቶ የሚቆርጥ መልእክተኛ ከዋሸ ሰው አይሻልም።

ግን ጥፋቱን ለእሱ ብቻ ሰጥተን እጃችንን አንታጠብ። ተናጋሪው ገና ትንፋሽ ሲወስድ እልል ያለው፣ ያጨበጨበው፣ ካባ ያለበሰው ማን ነው? ደስታችንን የሚያደፈርስብንን ሁሉ ሟርተኛ የምንል ሰዎች በየቤታችን አንድ አንድ ገሠሠ እናሳድጋለን። ስለዚህ ሰው በመልካም ነገር ጀምሮ ዝም ሲል «እሺ፣ ቀጥል» ማለትን እንልመድ።

አንተስ፣ ይህን የምታነበው፦ ከልጆችህ፣ ከትዳር ጓደኛህ፣ ከሥራ ባልደረቦችህ መካከል «ነገር ግን» ሊልህ ፈልጎ ፊትህን አይቶ የተወ ሰው አለመኖሩን በምን ታውቃለህ?